አዲስ የተተከለ ዲሽ ሲያስቸግር፦ መጀመሪያ ሪሞቱን፣ መጨረሻ ዲሹን

ስራዬ ቴሌቪዥንና ሪሲቨር መጠገን ነው፤ ሱቄ ጀሞ ነው። ዲሽ መትከል ዋና ስራዬ አይደለም። ግን ሰው አዲስ ዲሽ አስተክሎ ምስል እምቢ ሲለው መጀመሪያ ለተከለለት ልጅ ይደውላል። ስልኩ አይነሳም። በማግስቱ ሪሲቨሩን በፌስታል አንጠልጥሎ እኔ ጋ ከች ይላል። "ይሄ ነገር ተቃጥሏል መሰለኝ፣ እስኪ እየው" ይለኛል። እኔ ኬብል ላይ ስሰካው ብዙውን ጊዜ ጥርት ያለ ምስል ያወጣል። ባለቤቱ ግን ደስ አይለውም። ችግሩ እቤቱ እየጠበቀው ነዋ።

የሚጠረጠሩት አራት ናቸው። የሪሲቨሩ አሞላል (ሜኑው ላይ የሚሞላው ነገር)፣ ኬብሉ፣ ኤል ኤን ቢው (ዲሹ ፊት ለፊት ያለው ሲግናል ተቀባይ)፣ በመጨረሻ ዲሹ ራሱ። ሰው ግን ሁልጊዜ ከመጨረሻው ይጀምራል። ቤት ውስጥ ጎረምሳ ካለማ አለቀ። ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ ዲሹን በሁለት እጁ ይይዛል፣ ያሽከረክረዋል። ምናልባት ችግሩ ሳሎን ውስጥ የላላ ጃክ (የኬብሉ ጫፍ ላይ ያለው መሰኪያ) ብቻ ነበር። አሁን ግን ጃኩም ላልቷል፣ ዲሹም አቅጣጫውን ስቷል። የቱ የቱን እንዳጠፋው መለየት የማይቻልበት ደረጃ ላይ ተደረሰ ማለት ነው። ስለዚህ እኔ አንድ ህግ አለኝ፦ ሌላው ሁሉ ደህና መሆኑ ሳይረጋገጥ የዲሹ ብሎን አይፈታም።

የምጽፈው ኢትዮሳትን፣ ማለትም የአገራችን ቻናሎች የሚተላለፉበትን የሳተላይት ስርጭት፣ ለሚያዩ ሰዎች ነው፣ ያውም አዲስ አበባና ዙሪያዋ ላሉ። ሳተላይቱ ኤንኤስኤስ 12 ይባላል፤ 57 ዲግሪ ምስራቅ ላይ ነው ያለው። በ2012 ዓ.ም. ኢትዮሳት ሲጀመር የከተማው ዲሽ ፊቱን ከናይልሳት፣ ማለትም ከምዕራብ፣ ወደ ምስራቅ ማዞር ጀመረ። ያኔ የተጀመሩ አንዳንድ ስህተቶች ዛሬም አዲስ ዲሽ ላይ ይደገማሉ። እመጣበታለሁ።

"ኖ ሲግናል" ያለው ማን ነው?

ይህን ጥያቄ ሳልጠይቅ ከቤቴ አልወጣም። አንዲት እናት ደውለውልኝ ነበር።

"ልጄ፣ ሲግናል የለም ይላል።"

"እማማ፣ ጽሑፉ የት ጋ ነው ያለው? ከስሩ የቻናል ስም አለ?"

"ምንም የለም። ሰማያዊ ነው። ጽሑፉ ወዲያ ወዲህ ይንከራተታል።"

የሚንከራተተው ጽሑፍ የቴሌቪዥኑ ነው። ቴሌቪዥኑ "ከሪሲቨሩ የደረሰኝ ነገር የለም" እያለ ነው። ዲሹን አያውቀውም፣ አይመለከተውም። የልጅ ልጃቸው ጌም ሊጫወት ኤችዲኤምአዩን ወደ ሌላ ቀዳዳ ቀይሮት ኖሯል። በሪሞቱ ሶርስ ወይም ኢንፑት የሚለውን ተጭነው ሪሲቨሩ ያለበትን መረጡ፤ አለቀ።

ሪሲቨሩ ራሱ ሲናገር መልኩ ሌላ ነው። የቻናሉ ስምና ቁጥር ይታያል፣ ሜኑው ይከፈታል፣ ምስሉ ቦታ ላይ ብቻ ሲግናል የለም የሚል ጽሑፍ ይመጣል። የሪሲቨሩ ሜኑ የማይከፈትላችሁ ከሆነ ከዚህ በታች ያለውን አታንብቡ። ችግራችሁ ቴሌቪዥኑና ሪሲቨሩ መሀል ነው።

ሁለቱ መስመሮች

ሪሲቨሩ ሜኑ ውስጥ አንቴና ወይም ኢንስታሌሽን የሚል ቦታ አለ። እዚያ ስትገቡ ከታች ሁለት መስመሮች ታያላችሁ። አንዱ ስትሬንግዝ፣ ሌላው ኳሊቲ። ሰው ሁለቱን ደባልቆ ያያቸዋል፤ ፈጽሞ አንድ አይደሉም።

ስትሬንግዝ የሚያሳየው ከኤል ኤን ቢው የሆነ ነገር በኬብሉ እየመጣ መሆኑን ነው። ዲሹ ወደ ጎረቤት ግድግዳ ቢዞር እንኳ ስትሬንግዝ 60 ወይም 70 ሊል ይችላል። የሳተላይት ወሬ የያዘው ኳሊቲ ነው። ዲሽ ሰሪው "ይኸው ሲግናል አለ፣ ሪሲቨር ቀይሩ" ብሎ ስትሬንግዙን እያሳየ ከሄደ፣ ወይ አያውቅም ወይ ቸኩሏል።

ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ኬብሉንና ጃኩን ጠርጥሩ። ስትሬንግዝ ኖሮ ኳሊቲ ዜሮ ከሆነ አሞላሉን አስቀድሙ፣ ቀጥሎ ኤል ኤን ቢውን፣ ከዚያ ብቻ ዲሹን። ሁለቱም ጥሩ ሆነው ቻናሉ ከጠፋ ገና ሰርች አልተደረገም ማለት ነው፤ ሰርች አድርጉ። ከስሙ አጠገብ የዶላር ምልክት ያለበት የክፍያ ቻናል ነው፤ እሱን ለመክፈት ዲሽ መነካካት ዋጋ የለውም።

አሞላሉ

ለኢትዮሳት መሞከሪያ የምጠቀምባቸው ሁለት ፍሪኩዌንሲዎች 11105 እና 11605 ናቸው። ሁለቱም ኤች፣ ማለትም አግድም ናቸው፤ ሲምቦል ሬታቸው 45000 ነው። ፍሪኩዌንሲ ሊቀየር ይችላል። ጣቢያዎች ሲቀይሩ ደግሞ በየስክሪናቸው ደጋግመው ያስነግራሉ፣ ያኔ ጻፉት።

ሪሲቨራችሁ ውስጥ ኤንኤስኤስ 12 የሚል ስም ከሌለ አትጨነቁ። ሌላ የማትጠቀሙበት ሳተላይት ስም መርጣችሁ ፍሪኩዌንሲውን እዚያ ጨምሩ። ሪሲቨሩ ስሙን አይቶ አይደለም የሚሰራው፤ ቁጥሩን ነው።

ቀሪዎቹን እንዲህ አድርጓቸው። ኤል ኤን ቢ ፓወር፦ ኦን። የኤል ኤን ቢ አይነት፦ ዩኒቨርሳል፣ 9750/10600 የሚለው። 22ኬ፦ ኦቶ፣ ኦቶ ከሌለው ኦፍ። ዳይሴክ፦ አንድ ዲሽ ብቻ ካላችሁ ኦፍ። ዳይሴክ ማለት ሁለትና ሦስት ኤል ኤን ቢ በአንድ ኬብል የሚያገናኘው ትንሽ ሳጥን ነው። እሱ ካለ ኢትዮሳት የተሰካው ስንተኛው ቀዳዳ ላይ እንደሆነ ሜኑው ላይ በትክክል መሞላት አለበት። ናይልሳትም ኢትዮሳትም ያስገቡ ቤቶች ላይ አዘውትሬ የማገኘው ይሄንን ነው። ቁጥሩ ተዛንፎ ሪሲቨሩ ምዕራቡን ዲሽ የምስራቁን ቻናል ይጠይቀዋል።

ኤል ኤን ቢ ፓወር ኦፍ ሆኖ ያገኘኋቸውን ቤቶች ልቆጥር አልችልም። ልጆች ሪሞት ሲነካኩ ይጠፋል። ሁለቱም መስመሮች ዜሮ ሲሆኑ ከኬብሉም በፊት እሱን እዩ።

ሪሲቨሩ በጣም የቆየ ከሆነ፣ ኤች ዲ የማይከፍተው አይነት፣ ዲሹ የቱንም ያህል ቢስተካከል አይሆንም። የዲቪቢ ኤስ ቱ ስርጭት መቀበል የሚችል ሪሲቨር ያስፈልጋል። የድሮውን ይዘው ዲሽ ሰሪ የሚቀያይሩ ሰዎች አሉ፤ ገንዘባቸው ያሳዝነኛል።

አንድ ነገር ደግሞ ልለምናችሁ። ፋክተሪ ሪሴት አታድርጉ። የሞላችሁት ሁሉ ይጠፋል፤ ያልገባችሁ ችግር ላይ ያልገባችሁ ሜኑ ትጨምራላችሁ።

ኬብሉ

ብዙው ችግር የሚገኘው እዚህ ነው፣ ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው።

መጀመሪያ ሪሲቨሩን ከሶኬት ንቀሉ። ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ንቀሉት። ሪሲቨሩ በዚያ ቀጭን ኬብል ምስል ብቻ አይደለም የሚቀበለው፣ ለኤል ኤን ቢው መብራትም ይልካል። ቪ፣ ማለትም ቀጥ ያለ፣ ቻናል ስትከፍቱ 13 ቮልት፣ ኤች ስትከፍቱ 18 ቮልት። ሰውን አይጎዳም፤ ሪሲቨሩን ግን ሊጎዳ ይችላል፣ እየሰራ ሳለ ጃኩን ስትፈቱ መሀሉ ሽቦ ከዳሩ ጋር ከተነካካ።

አሁን ከሪሲቨሩ ጀርባ ያለውን ጃክ ፍቱና እዩት። መሀል ላይ አንድ ወፍራም ሽቦ ብቻ መታየት አለበት፤ ከጃኩ አፍ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ወጣ ያለ። ዙሪያውን ያለው እንደ ፀጉር የቀጠነው መረብ አንዱ ፈትል እንኳ መሀሉን ከነካ ሾርት ነው። ሁለቱ መስመሮች ዜሮ ይላሉ፣ አንዳንድ ሪሲቨርም አንቴና ሾርት ብሎ ይጽፋል። በምላጭ ቆርጣችሁ እንደገና ስሩት። ጃኩን በእጅ ጎትቱት፤ ከወጣ መጀመሪያም አልተሰራም። ሽቦው ጥቁር ወይም አረንጓዴ ከሆነ ደግሞ ውሃ ገብቷል፣ ብርማ እስኪሆን ድረስ ቆርጣችሁ ወደ ኋላ ሂዱ።

ኤል ኤን ቢው ጋ ያለው ጃክ ላይም ይሄው ነው። የበጋ ዲሽ ሰሪ እዚያ ናስትሮ መጠቅለል ይረሳል። ሐምሌ ሲገባ ያስታውሱታል። ስትጠቀልሉ ከታች ወደ ላይ ጠቅልሉ፤ ውሃ ሲወርድ የናስትሮው ጠርዝ ውስጥ አይገባም። ኬብሉ ደግሞ ጃኩ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ትንሽ እንዲንጠለጠል አድርጉ። ዝናቡ በኬብሉ ላይ እየተንሸራተተ ሄዶ እዚያ ዝቅ ያለው ቦታ ላይ ይንጠባጠባል። ቤት ሲገባም እንዲሁ፤ አለበለዚያ ውሃው ኬብሉን ተከትሎ በመስኮቱ ቀዳዳ ይገባና ሪሲቨራችሁ ላይ ያርፋል።

ቅጥያ አልወድም። መሀል ላይ ሁለት ኬብል እጅ በእጅ ተጠማዞ፣ በናስትሮ ተለብጦ፣ ቆርቆሮ ላይ ተጋድሞ ያጋጥመኛል። የመብራት ሽቦ ይመስል! ይሄ ኬብል እንዲህ አይቀጠልም። የግድ ከሆነ ሁለት ጃክና መሀል ማገናኛ ይግቡበት። ከተቻለ ግን አንድ ወጥ ኬብል ግዙ፤ ከዲሹ ዋጋ አንጻር ብዙ አይደለም።

አንድ ጥሩ ምልክት ልንገራችሁ። 11105 ቆንጆ ሰርቶ 11605 የሚቆራረጥ ወይም የሚጠፋ ከሆነ ኬብሉን ጠርጥሩ። በኬብሉ ውስጥ ከፍ ያለው ፍሪኩዌንሲ ነው ቶሎ የሚዳከመው። መጥፎ ጃክና ረጅም ርካሽ ኬብል መጀመሪያ የሚበሉት እሱን ነው።

ኬብሉ ነው ወይስ ሌላ ብላችሁ ካመነታችሁ መንገዱ ቀላል ነው። ሪሲቨሩንና ትንሽ ቴሌቪዥን ይዛችሁ ዲሹ ጋ ሂዱና በአጭር ኬብል በቀጥታ ሰኩት። እዚያ ከሰራ ዲሹም ኤል ኤን ቢውም ንጹህ ናቸው፤ ጥፋተኛው መሀሉ ያለው ኬብል ነው። መልቲሜትር ያለው ሰው ደግሞ ኤች ቻናል አስከፍቶ፣ ኤል ኤን ቢው ጋ በሚደርሰው የኬብል ጫፍ ላይ መሀሉንና ዳሩን ይለካ። ወደ 18 ካልቀረበ፣ ለምሳሌ 14 ላይ ከቆመ፣ ኤል ኤን ቢው ቪ የተጠየቀ እየመሰለው ነው።

ከጎረቤት ጋር አንድ ዲሽ በማከፋፈያ የምትጋሩ፣ እናንተ ራሱን የቻለ አንድ ችግር አላችሁ። ጎረቤት ቻናል ሲቀይር የእናንተ ከጠፋ ዲሹ አልተበላሸም። አንድ ኤል ኤን ቢ ሁለት ጌታ ይዞ ነው። የእሱ ሪሲቨር 22ኬ የሚባለውን ምልክት ሲልክ ኤል ኤን ቢው ወደ ላይኛው ባንድ፣ ማለትም ወደ ከፍተኞቹ ፍሪኩዌንሲዎች፣ ይሄዳል፣ የእናንተ ቻናል ይቀራል። ማከፋፈያውን አውጡና ሁለት አፍ ያለው ኤል ኤን ቢ ግዙ። ከመጨቃጨቅ ይሻላል።

ኤል ኤን ቢው፣ ማለትም የተረሳው ማዞሪያ

ዲሽ ሰሪ ሁሉ ዲሹን ግራ ቀኝ ያዞራል፣ ላይ ታች ያደርጋል። ኤል ኤን ቢውን በራሱ አንገት ላይ ማዞር ግን ብዙዎች ይዘሉታል። እኛ አገር ላይ ይሄ ትልቅ ጥፋት ነው። ለምን ብትሉ፣ ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። ሳተላይቱ ደግሞ ከእኛ በላይ ቀጥ ብሎ አይደለም፤ ወደ ምስራቅ ነው። ስለዚህ ከሳተላይቱ "አግድም" ሆኖ የሚነሳው ሞገድ እኛ ጋ ሲደርስ በጣም ያዘመመ ነው። ለአዲስ አበባ ማዘንበሉ ከ60 ዲግሪ በላይ ነው። አውሮፓ የሚኖር ዘመዳችሁ ኤል ኤን ቢውን በትንሹ ነካ አድርጎ ይገላገላል፤ የእኛ እንደዚያ አይደለም።

ኤል ኤን ቢው ጃኩ ወደ መሬት ቀጥ ብሎ ከተቀመጠ ሲግናሉ ደካማ ነው። ምስል ሊመጣ ይችላል፤ ደመና ሲመጣ ግን ይጠፋል። ከዲሹ ፊት ለፊት ቁሙ፣ ጀርባችሁን ለሰማዩ ሰጥታችሁ ዲሹን እያያችሁ። ኤል ኤን ቢውን የያዘውን ብሎን አላሉ። በሰዓት ቆጣሪ አቅጣጫ አዙሩት፣ ጃኩ የግድግዳ ሰዓት ላይ 8 ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ እስኪደርስ። ከዚያ ኳሊቲውን እያስነበባችሁ ጥቂት ወደፊት ጥቂት ወደኋላ አድርጉና ትልቁ ቁጥር ላይ አጥብቁት። ይህን ብቻ አድርጌ፣ ዲሹን በጣቴ ሳልነካ፣ የከሰረ የመሰለ ቤት ሲድን አይቻለሁ። ባለቤቱ "ይሄን ብቻ?" ብሎ ሂሳብ ሊቀንስ ይፈልጋል። አልቀንስም።

የኤል ኤን ቢውን አፍ የሚሸፍነውን ፕላስቲክም እዩ። ከተሰነጠቀ ውሃና ጉንዳን ይገባል። ይህን መጠገን አይቻልም፣ ይቀየራል።

አሁን ዲሹ

እስከዚህ መጥታችሁ ኳሊቲው አሁንም ዜሮ ከሆነ፣ እሺ፣ ዲሹ ነው።

ከጣሪያ በፊት ስለ ጣሪያ። በዝናብ ወይም በርጥብ ቆርቆሮ አትውጡ። ቆርቆሮ ላይ ስትሄዱ የሚስማሩን መስመር ረግጣችሁ ሂዱ፤ ከስሩ እንጨት ያለው እዚያ ነው። መሰላሉን የሚይዝ ሰው ይኑር። የመብራት መስመር በቅርብ የሚያልፍ ከሆነ የብረት ቱቦ ይዛችሁ አትውጡ። ምንም ምስል ለዚህ አይበቃም።

በነገራችን ላይ ጣሪያ መውጣቱ ራሱ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም። ከአዲስ አበባ ኢትዮሳት ከአድማሱ 66 ዲግሪ ያህል ከፍ ብሎ ነው ያለው። ይህ በጣም ከፍ ያለ ነው። ከዲሹ በ10 ሜትር ከፍ የሚል ግድግዳ እንኳ ፊት ለፊቱ ቢሆን፣ ከ4 ሜትር ተኩል በላይ ከራቀ አይጋርደውም። ግቢ ያለው ሰው ጥግ ላይ አንድ ቱቦ በሲሚንቶ ተክሎ ቆሞ ያስተካክለው። ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ በረንዳችሁ ወደ ምስራቅ ከሆነ ሞክሩት፤ ግን ከላይ ያለው በረንዳ ወለል ይጋርዳል፣ እሱን እዩ።

አቅጣጫው፦ ፀሐይ መውጫውን አይታችሁ ቁሙ፣ ከዚያ ወደ ቀኝ 25 ዲግሪ ያህል ዙሩ። በኮምፓስ 115 አካባቢ ነው። የስልክ ኮምፓስ ቆርቆሮ ላይ ይዋሻል። መሬት ላይ ሆናችሁ አቅጣጫውን ያዙና አንድ ምልክት ምረጡ፣ የሩቅ ፎቅ ወይም ዛፍ፣ ከዚያ ዲሹን ወደዚያ አዙሩ።

ቀደም ብዬ እመጣበታለሁ ያልኩት ስህተት ይሄውና። ናይልሳት ከአዲስ አበባ በምዕራብ፣ ከፍታው 37 ዲግሪ አካባቢ ነው። እሱን በመትከል እጁ የለመደ ሰው ዲሹን ወደ ምስራቅ ያዞርና ከፍታውን ግን እንደለመደው ይተወዋል። 30 ዲግሪ ያህል ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ቀኑን ሙሉ ግራ ቀኝ ቢያዞረው አያገኝም። ወደ ድሬዳዋ ስትሄዱ ደግሞ ወደ 69 ከፍ ይላል፤ ባህር ዳር 63 ተኩል አካባቢ ይሆናል።

ሞላላው፣ ክንድ ያለው ዲሽ ዓይን ያታልላል። ፊቱ ካለበት ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ከፍ ብሎ ነው የሚያየው። ስለዚህ 66ን ሲያይ ፊቱ የሚጋደመው ወደ 40 እና 45 ብቻ ነው። ጀርባው ላይ ያለው ቁጥር ለዚህ ተብሎ የተሰራ ከሆነ እሱን እመኑ፣ ዓይናችሁን አትመኑ። ክቡ፣ ኤል ኤን ቢው መሀል ላይ በሦስት እግር የቆመው ዲሽ ግን ፊቱ የሚያሳየውን ነው የሚያየው። እሱ ኢትዮሳትን ሲይዝ ወደ ሰማይ የተከፈተ ሳህን ይሆናል። ዝናብ ይጠራቀምበታል። ዝቅ ያለው ጠርዝ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ብሱለት።

ከመጀመሩ በፊት ምሰሶውን እዩ። ቀጥ ብሎ ካልቆመ ዲሹ ወደ ጎን ሲዞር ከፍታውም አብሮ ይለወጣል፣ መቼም አትጨርሱም። ውሃ ልክ ያዙበት። ፊሸሩ ከግድግዳው ወጥቶ ምሰሶው የሚነቃነቅ ከሆነ ሌላው ስራ ሁሉ ከንቱ ነው። ደግሞ እባካችሁ የልብስ ማስጫ ገመድ ዲሹ ምሰሶ ላይ አትሰሩ። ጋቢ ታጥቦ ሲሰጣ ቻናል የሚጠፋበት ቤት ገብቼ አውቃለሁ። ጋቢው ሲደርቅ ኳሊቲው ይመለሳል።

ስራው የሁለት ሰው ነው። ድሮ አንዱ ጣሪያ ላይ አንዱ ሳሎን ሆኖ "መጣ!" "ሄደ!" ይባባላል፤ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል። አሁን ስልክ አለ። ሳሎን ያለው ሰው በቪዲዮ ደውሎ ስልኩን ወደ ኳሊቲው መስመር ያነጣጥር። ላይ ያለው ሰው ራሱ እያየ ይስራ። ሪሲቨሩ ላይ 11105ን ክፈቱ። ከፍታውን 66 ገደማ አጥብቁ፤ ግራ ቀኙን የሚይዘውን ብሎን ግን ዲሹ በግድ እንዲዞር ያህል አላሉት። ከዚያ ከደቡብ በኩል ጀምራችሁ ወደ ምስራቅ አዙሩ፣ በጣም በቀስታ። ሪሲቨሩ ሲግናሉን አግኝቶ መስመሩን እስኪያሳይ ሁለት ሦስት ሴኮንድ ይፈጃል። ስለዚህ ጥቂት አንቀሳቅሱ፣ ጠብቁ፣ ጥቂት አንቀሳቅሱ። በ90 ሳንቲሜትር ዲሽ ጠርዙ ላይ አንድ ሴንቲሜትር እንኳ ያልሞላ እንቅስቃሴ አንድ ዲግሪ ነው፤ የዲሹ እይታ ደግሞ በጠቅላላ ሁለት ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። የሚቸኩል እጅ አልፎት ይሄዳል። አንዴ ጠርጋችሁ ካላገኛችሁ ከፍታውን አንድ ሁለት ዲግሪ ቀይሩና ድገሙ።

ኳሊቲ መጥቶ ሰርች ስታደርጉ የማታውቋቸው የውጭ ቻናሎች ብቻ ከተሞሉ ጎረቤት ሳተላይት ላይ ናችሁ። በ52.5 ዲግሪ ያህሳት አለ፣ ከኢትዮሳት ብዙም አይርቅም። ትንሽ ወደ ግራ፣ ማለትም ወደ ምስራቅ፣ በጥቂቱም ዝቅ አድርጉ።

ሲገኝ ብሎኖቹን በተራ በተራ፣ ጥቂት በጥቂት አጥብቁ። አንዱን ጥርቅም አድርጎ ማጥበቅ ዲሹን ይጎትተዋል፤ ኳሊቲው ዓይናችሁ እያየ ይወርዳል። ካጠበቃችሁ በኋላ የዲሹን ጠርዝ በጣታችሁ በቀስታ ገፋ አድርጉት፣ ወደ አራቱም በኩል። በየትኛውም በኩል ቁጥሩ ከጨመረ ገና ጫፉ ላይ አልደረሳችሁም። ከዚያ በማርከር ምሰሶውና መያዣው ላይ አንድ መስመር አስምሩ። አንድ ቀን ነፋስ አዙሮት እንደሆነ መስመሩን አይታችሁ ታውቃላችሁ። የሁለቱን ፍሪኩዌንሲ ኳሊቲ ቁጥርም ጻፉና ሪሲቨሩ ጀርባ ለጥፉ።

ዝናብና ፀሐይ

ከባድ ዝናብ ሲጥል ምስል ለደቂቃዎች ቢጠፋ አትደንግጡ፣ ማንም ሊከለክለው አይችልም። ዝናቡ ካቆመ በኋላ ለሰዓታት ካልተመለሰ ግን ውሃ የገባ ጃክ አለ። ካፊያ ሁሉ የሚያጠፋው ከሆነ ደግሞ ዲሹ መጀመሪያም አፋፍ ላይ ነበር የቆመው፤ የኤል ኤን ቢውን ማዘንበልና አቅጣጫውን እንደገና ፈትሹ። ነጎድጓድ ሲጀምር ሪሲቨሩን ከሶኬት፣ ኬብሉንም ከሪሲቨሩ ንቀሉ።

አንድ ለየት ያለ ጊዜ ደግሞ አለ። በመስቀል ሰሞንና በመጋቢት የመጀመሪያ አጋማሽ፣ ለጥቂት ቀናት፣ ረፋድ 5 ሰዓት ገደማ ላይ ምስሉ ለጥቂት ደቂቃ ሊረበሽ ይችላል። ፀሐይ ከሳተላይቱ ጀርባ ቀጥ ብላ ስለምታልፍ ነው፤ ራሱ ይመለሳል። እኔ ይህን ሰዓት እወደዋለሁ። ፀሐይዋ ሳተላይቱ ያለበት ቦታ ላይ ስለሆነች፣ ያኔ ዲሹ ላይ የዛፍ ወይም የግድግዳ ጥላ ካረፈ የሚጋርደው እሱ ነው። የትኛው ቅርንጫፍ እንደሚቆረጥ ማንንም ሳይጠይቁ ማየት ይቻላል።

ለዲሽ ሰሪው የቀረውን ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ደግሞ 11105ንም 11605ንም አስከፍታችሁ ኳሊቲውን በዓይናችሁ እዩ። ስትሬንግዙን አይደለም።